ዲኤንኤ ሲቆይ አርኤንኤ ቶሎ የሚፈርሰው ለምንድን ነው? ከሠንጠረዡ አልፈን እንወያይ

ዘጦሳ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁም፣ እንዴት ከርማችኋል?

ደሴ ውስጥ 12ኛ ክፍል ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን የዲኤንኤንና የአርኤንኤን ልዩነት ስጠይቃቸው ሁሉም አንድ ዓይነት ሠንጠረዥ ያወርዱልኛል። ዲኤንኤ ሁለት ገመድ፣ አርኤንኤ አንድ ገመድ፤ ዲኤንኤ ቲሚን፣ አርኤንኤ ዩራሲል፤ ዲኤንኤ ዲኦክሲራይቦዝ፣ አርኤንኤ ራይቦዝ። ሦስቱም ልክ ናቸው። ነገር ግን እኩል ተደርገው መደርደራቸው ዋናውን ነገር ይሸፍነዋል ብዬ አምናለሁ። የስኳሩ ልዩነት ከሁለቱ ጋር ወንድም ሆኖ የሚቆጠር አይደለም፤ የቀሩትን የሚያስረዳው እሱ ነው።

ከመሠረቱ ልጀምር። ሁለቱም የኑክሊዮታይድ ሰንሰለቶች ናቸው። እያንዳንዱ ኑክሊዮታይድ ባለ አምስት ካርቦን ስኳር፣ ፎስፌት እና ናይትሮጅን ያለበት ቤዝ (ቲሚንና ዩራሲል የቤዝ ዓይነቶች ናቸው) አለው። ቤዙ የሚያያዘው ከስኳሩ 1ኛ ካርቦን ጋር ነው። ፎስፌቱ ደግሞ የአንዱን ስኳር 3ኛ ካርቦን ከቀጣዩ ስኳር 5ኛ ካርቦን ጋር ያገናኛል፤ ሰንሰለቱ አቅጣጫ የሚኖረውም በዚህ ምክንያት ነው። እስከዚህ ድረስ ሁለቱን መለየት አይቻልም። የሚለያዩት 2ኛው ካርቦን ላይ ስንደርስ ነው። በአርኤንኤ እዚያ ሃይድሮክሲል ተቀምጧል፤ በዲኤንኤ ሃይድሮጅን ብቻ። አንዲት ኦክስጅን ናት የጎደለችው።

ይህች ኦክስጅን የምትገኘው ሰንሰለቱን ከሚያያይዘው ፎስፌት አጠገብ ነው። መፍትሔው አልካላይን ሲሆን ሃይድሮክሲሉ ፕሮቶኑን ይለቅና አሉታዊ ቻርጅ ይይዛል፤ ከዚያ ዞሮ የገዛ ሰንሰለቱን ፎስፈረስ ያጠቃል። 2ኛውና 3ኛው ካርቦን በአንድ ፎስፌት ታስረው ቀለበት ይሠራሉ፣ ከቀጣዩ ኑክሊዮታይድ ጋር የነበረው ትስስር ይበጠሳል። አርኤንኤ መቁረጫ ቢላውን በየኑክሊዮታይዱ ይዞ ነው የሚዞረው ማለት ይቻላል።

ዲኤንኤ ይህ የለውም። ሁለቱን በ0.3 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ 37 ዲግሪ ላይ ብታሳድሯቸው አርኤንኤው ወደ ነጠላ ኑክሊዮታይዶች ተበታትኖ ያድራል። ዲኤንኤው ሁለቱ ገመዶቹ ይለያያሉ እንጂ ሰንሰለቱ እንዳለ ይገኛል።

ይህን ለተማሪ ከነገርነው በኋላ ሠንጠረዡን መሸምደድ አያስፈልገውም፤ ራሱ ይሠራዋል። እናንተ ምን ትላላችሁ?

---

ተማሪ ከወልድያ

መምህር፣ አላህ ይስጥልን። እንዲህ ተብሎ ተነግሮን አያውቅም።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ስኳሩ ገባኝ፤ ግን ቲሚን ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል? መጽሐፉ «በአርኤንኤ ውስጥ ቲሚን በዩራሲል ይተካል» ብሎ ነው የሚያልፈው። ለምን እንደሚተካ የለም። ዩራሲል ከአዴኒን ጋር የሚጣመር ከሆነ ዲኤንኤም በዩራሲል ለምን አይሠራም?

---

ዘጦሳ (ደሴ)

የኔ ልጅ፣ ጥያቄሽ የብዙ መምህራንን ክፍለ ጊዜ ያቀና ነበር።

ቲሚን ማለት 5ኛው ካርቦኑ ላይ አንዲት ሜቲል (አንድ ካርቦን ከሦስት ሃይድሮጅን ጋር) የተጨመረችበት ዩራሲል ነው። ሁለቱም ከአዴኒን ጋር በሁለት የሃይድሮጅን ትስስር ይጣመራሉ፤ ሜቲሏ በጥምረቱ ውስጥ የለችበትም። ታዲያ ሴሉ ጉልበት አውጥቶ ሜቲል የሚጨምረው ለምንድን ነው? መልሱ ሳይቶሲን ጋ ነው ያለው።

ሳይቶሲን በውሃ ውስጥ ሲኖር አልፎ አልፎ አሚኖ ቡድኑን ያጣና ዩራሲል ሆኖ ያርፈዋል። በአንድ የሰው ሴል ውስጥ ይህ በየቀኑ መቶ ጊዜና ከዚያም በላይ እንደሚደርስ ይገመታል። ዲኤንኤ ከመጀመሪያው ዩራሲልን እንደ መደበኛ ፊደል ቢጠቀም ኖሮ ጠጋኙ ኢንዛይም የቱ ዩራሲል የቦታው ባለቤት እንደሆነ፣ የቱ ከሳይቶሲን ተበላሽቶ እንደመጣ የሚያውቅበት መንገድ አይኖረውም። ቲሚንን ስለሚጠቀም ግን ዲኤንኤ ውስጥ የተገኘ ዩራሲል ሁሉ ስህተት መሆኑ ይታወቃል። ኢንዛይሙ ቆርጦ ያወጣዋል፤ በቦታው ሳይቶሲን ይመለሳል። ይህን ኢንዛይም ያገኘው ስዊድናዊው ቶማስ ሊንዳል ነው፤ በዲኤንኤ ጥገና ላይ በሠራው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2015 የኬሚስትሪ ኖቤልን ከሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች ጋር ተቀብሏል።

አሁን ወደ ስኳሩ ተመለሺ። ለብዙ ዓመት የሚቀመጥ መረጃ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። መልእክተኛው አርኤንኤ ግን ዕድሜው የደቂቃዎች ወይም የሰዓታት ነው፤ በ2ኛው ካርቦኑ ምክንያት ከመጀመሪያውም ለመቆየት የተሠራ አይደለም። ለእሱ ሜቲል መጨመር ለሴሉ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ቲሚንና ዩራሲልም የዚያችው ኦክስጅን ጉዳይ ሆነው ይገኛሉ።

---

ላብራቶሪ ነኝ (ኮምቦልቻ)

ሰላም መምህር። እርስዎ በወረቀት ያስረዱትን እኛ በየቀኑ በናሙና ላይ እናየዋለን።

የሳንባ ነቀርሳ የአክታ ናሙና ለጂንኤክስፐርት ሲመጣ ማሽኑ የሚፈልገው የባክቴሪያውን ዲኤንኤ ነው። አክታ በጥሩ ሁኔታ ከተያዘ ብዙ አያስጨንቅም። የኤችአይቪ ቫይራል ሎድ (በደም ውስጥ ያለ የቫይረስ መጠን) ግን የሚለካው በደም ፕላዝማ ውስጥ ያለው የቫይረሱ አርኤንኤ ነው። ደሙ ከተቀዳ በኋላ ፕላዝማው በጊዜው ተለይቶ መውጣት አለበት፤ ከዚያም ማቀዝቀዣ። መኪና መንገድ ላይ ቢበላሽና የበረዶ ሳጥኑ ቢሞቅ ውጤቱ ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ሊወጣ ይችላል። ዝቅ ያለ ቁጥር ደግሞ ለታካሚው የምሥራች ይመስላል፤ አደጋው እዚህ ላይ ነው።

ሌላው የምንፈራው አርኤንኤዝ የሚባለውን ኢንዛይም ነው። በእጃችን ቆዳ ላይ አለ፣ በላባችን አለ፣ በአቧራ ላይ አለ። የሚገርመው ጥንካሬው ነው። አርኤንኤዝ ኤ የሚባለው ዓይነት በአራት የሰልፈር ድልድዮች የታሰረ ትንሽ ፕሮቲን ስለሆነ ቢፈላ እንኳን ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይታጠፍና ሥራውን ይቀጥላል። ዲኤንኤን የሚቆርጡት ብዙዎቹ ኢንዛይሞች ማግኒዚየም የመሰለ ብረት ይፈልጋሉ፤ ኢዲቲኤ የሚባል ኬሚካል ጨምረን ብረቱን ስንይዝባቸው ይቆማሉ። አርኤንኤዝ ኤ ብረት አይፈልግም። የሚጠቀመው መምህር የነገሩንን ያንኑ ሃይድሮክሲል ነው፤ በውስጡ ካሉት አሚኖ አሲዶች ሁለት ሂስቲዲኖቹ አንዱ ፕሮቶን ተቀብሎ ሌላው ሰጥቶ ፎስፌቱን እንዲያጠቃ ይገፉታል።

አዲስ ባለሙያ ሲመጣ «ጓንት አድርግ» ስንለው ከበሽታ ለመጠበቅ ብቻ ይመስለዋል። ናሙናውም ከእሱ መጠበቅ አለበት።

---

ፈተና ደረሰ

መምህር፣ ሁሉም ደስ ይላል፤ ግን የመግቢያ ፈተናው የሚጠይቀው ሠንጠረዡን ነው። ጊዜ የለንም። ስንት ምዕራፍ ቀርቶን ስለ ሂስቲዲን ማንበብ አንችልም።

---

ዘጦሳ (ደሴ)

ሂስቲዲኑን ተወው፣ አብሽር። 2ኛውን ካርቦን ግን ያዝ። «ከሚከተሉት ውስጥ በአልካላይን ቶሎ የሚፈርሰው የቱ ነው» ተብሎ ቢመጣ ሠንጠረዡ ላይ አታገኘውም። ምክንያቱን ያወቀ ተማሪ ጥያቄው በየት በኩል ቢዞርበት ይመልሳል። ይህን የምለው ፈተና አርሜ ካየሁት ተነሥቼ ነው፤ ሠንጠረዡን አሳምሮ የጻፈ ተማሪ ቀጣዩ ገጽ ላይ ራይቦዝን ሥራ ሲባል ሃይድሮክሲሉን 2ኛው ካርቦን ላይ ሳያስቀምጥ ያልፋል።

---

ሐይቅ ዳር

ባዮኬሚስትሪ የተማርኩ ነኝ። በመምህሩ ዋና ሐሳብ እስማማለሁ፤ ግን ነገሩን ሁሉ በአንዲት ኦክስጅን ላይ መጫን ከበድ ይላል።

መጀመሪያ ስለ ድርብ ጥምዙ። ትምህርት ቤት «ሁለቱን ገመዶች የሚይዛቸው የሃይድሮጅን ትስስር ነው» ይባላል። አዴኒንና ቲሚን በሁለት፣ ጉዋኒንና ሳይቶሲን በሦስት። ጥምረቱን የሚመርጠው እሱ ነው፤ አዴኒን ሳይቶሲንን እንዳያገባ የሚከለክለው የሃይድሮጅን ትስስሩ አቀማመጥ ነው። ለጥንካሬው ግን ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ቤዞቹ አንዱ በአንዱ ላይ መደራረባቸው ነው። ቤዞቹ ጠፍጣፋ ናቸው፣ ፊታቸው ውሃ አይወድም፤ ስለዚህ ወደ ውስጥ ገብተው በ0.34 ናኖሜትር ልዩነት ይደራረባሉ። ፎስፌቶቹ አሉታዊ ቻርጃቸውን ይዘው ወደ ውጭ፣ ወደ ውሃው ይዞራሉ። ጉዋኒንና ሳይቶሲን የበዛበት ዲኤንኤ ለመለያየት የበለጠ ሙቀት የሚፈልገው ሦስተኛዋ ትስስር ስላለች ብቻ ሳይሆን ድርድሩም ስለሚጠነክር ነው። ዲኤንኤን በሚያባዛው የፒሲአር ማሽን 95 ዲግሪ ገደማ የምናሞቀው ይህን ሁሉ ለማላላት ነው፤ የሰንሰለቱ የፎስፌት ትስስር ግን ያንን ሙቀት ችሎ ይቀመጣል።

ሁለተኛ፣ ሃይድሮክሲሉ ሁልጊዜ አይቆርጥም። ፎስፈረሱን ለማጥቃት ከሚለቀው ኦክስጅን በተቃራኒ፣ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ መሰለፍ አለበት። ልቅ በሆነ ነጠላ ገመድ ላይ ሰንሰለቱ ስለሚወዛወዝ ይህ መሰለፍ በቀላሉ ይገኛል። አርኤንኤ ሁለት ገመድ ሆኖ ሲጣመር ግን ቅርጹ ስለሚገታው ጥቃቱ ይዘገያል። ስለዚህ የገመዱ ቁጥርም የራሱ ድርሻ አለው፤ ከሠንጠረዡ መውጣት የለበትም።

---

ዘጦሳ (ደሴ)

ወንድሜ ሐይቅ ዳር፣ የመደራረቡን ነገር በማንሣትህ ደስ ብሎኛል፤ በመማሪያ መጻሕፍቱ ቦታ ቢያገኝ እወዳለሁ።

በገመዱ ቁጥር ግን አሁንም እሞግትሃለሁ። አርኤንኤ ሁለት ገመድ ሲሆን እንኳን እንደ ዲኤንኤ አይጠማዘዝም። ሮዛሊንድ ፍራንክሊን የዲኤንኤን ጭረት በኤክስሬይ ስታጠና ሁለት ቅርጾችን ለይታ ነበር። አየሩ ሲደርቅ አጠርና ወፈር ያለው «ኤ»፣ እርጥበት ሲያገኝ ረዘምና ቀጠን ያለው «ቢ»። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1952 ከተማሪዋ ከሬይመንድ ጎስሊንግ ጋር ያነሡት፣ 51 ቁጥር የተሰጠው ታዋቂ ፎቶ የ«ቢ» ቅርጽ ነው። ዋትሰንና ክሪክ በ1953 ያቀረቡት ሞዴልም ያው ነው፤ ስፋቱ 2 ናኖሜትር ገደማ፣ በአንድ ዙር 10 ጥንድ ያህል። እሷ በ1958 በ37 ዓመቷ ስታርፍ ኖቤሉ ገና አልተሰጠም ነበር፤ በ1962 ዋትሰን፣ ክሪክና ዊልኪንስ ተቀበሉት። ይህን ታሪክ ለሴት ተማሪዎቼ ሳልነግር አላልፍም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ድርብ አርኤንኤ ውሃ ውስጥም ሆኖ የሚይዘው የ«ኤ»ን ቅርጽ ነው፤ ወደ «ቢ» አይሄድም። የሚከለክለው ማን ነው? 2ኛው ካርቦን ላይ ያለው ሃይድሮክሲል። በ«ቢ» ቅርጽ ስኳሩ የሚታጠፍበትን መንገድ ቦታ ይዞ ይዘጋበታል። አንተ ቅርጹ ጥቃቱን ይገታል አልክ፤ እኔ ቅርጹንም የወሰነችው ኦክስጅኗ ናት እላለሁ።

---

ሐይቅ ዳር

ይህንን እቀበላለሁ። እንግዲያው መልካም ሥራዋንም አብረን እንናገርላት። አርኤንኤ ነጠላ ሆኖ በራሱ ላይ ይታጠፋል፣ ጉዋኒንን ከዩራሲል ጋር ሳይቀር ያጣምራል፤ ሃይድሮክሲሉ ደግሞ ለመታጠፉ ተጨማሪ የሃይድሮጅን ትስስር ያበድረዋል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ አርኤንኤ እንደ ኢንዛይም ይሠራል። ቶማስ ቼክና ሲድኒ አልትማን ይህን በማሳየታቸው በ1989 ኖቤል አገኙ። ፕሮቲን በሚሠራበት የሴል ክፍል፣ በራይቦዞም ውስጥም አሚኖ አሲዶችን የሚያያይዘው ማዕከል አርኤንኤ ነው። በላነው ሽሮ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን በባቄላው ውስጥ የገጣጠመው አርኤንኤ ነው ማለት ነው።

---

የባቲ ልጅ

የኬሚስትሪ ሰው አይደለሁም፤ ግን አንድ ነገር ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ከእኛ ወደ ሚሌ ሲወረድ፣ ከዚያ ወዲያ ሐዳር አለ። ድንቅነሽ የተገኘችበት። ዲኤንኤ ይቆያል ካላችሁ የእሷን ዲኤንኤ አውጥተው ለምን አያነቡትም? የሰው ልጅ ታሪክ ይፈታ ነበር እኮ።

---

ሐይቅ ዳር

የኔ ወንድም፣ ይህ ጥያቄ «ይቆያል» የሚለውን ቃላችንን ልክ ያስይዝልናል።

ዲኤንኤ ከአርኤንኤ ጋር ሲነጻጸር ይቆያል እንጂ ዘላለማዊ አይደለም። የፎስፌቱ ትስስር እጅግ ጠንካራ ነው፤ ሁሉም ፎስፌት አሉታዊ ስለሆነ ሊያጠቃው የሚመጣውን አሉታዊ ሃይድሮክሳይድ ይገፋዋል። ደካማው ቦታ ሌላ ነው፤ አዴኒንና ጉዋኒን ከስኳሩ ጋር የተያያዙበት። ውሃ ባለበት እነዚህ ቀስ በቀስ ይረግፋሉ። በእያንዳንዱ ሕያው ሴላችን ውስጥ በቀን በሺዎች የሚቆጠሩ ይረግፋሉ ተብሎ ይገመታል፤ በሕይወት እያለን ጠጋኝ ኢንዛይሞች ይተኩልናል። ከሞት በኋላ ጠጋኝ የለም። ቤዙ በረገፈበት ቦታ ሰንሰለቱ ይሰበራል፣ እየደቀቀ ይሄዳል። ሙቀት ደግሞ ሁሉንም ያፋጥነዋል።

ድንቅነሽ እ.ኤ.አ. በ1974 የተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናት ናት። የአፋርን ሙቀት አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። አጥንቷም በማዕድን ተተክቷል። እስካሁን ከተነበበው ሁሉ የቆየው ዲኤንኤ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው ሲሆን የተገኘውም ከግሪንላንድ በረዷማ አፈር ነው፤ ውጤቱ በ2022 ታትሟል።

ግን ተስፋ አትቁረጥ። በጋሞ ደጋ፣ ሞጣ ከሚባል ዋሻ፣ 4,500 ዓመት ገደማ ከሆነው ሰው አጥንት ሙሉ ጂኖም ተነቧል። በ2015 ሲታተም ከአፍሪካ የመጀመሪያው ጥንታዊ ሙሉ ጂኖም ነበር። ደጋ መሆኑ፣ ዋሻው ቀዝቀዝ ማለቱና ናሙናው ከጆሮው ውስጥ ካለው ጠንካራ አጥንት መወሰዱ ነው የረዳው። በወሎ ደጋዎችም ስንት ዋሻ አለን።

---

የባቲ ልጅ

ማሻአላህ። ገብቶኛል። እንግዲያው ዋሻዎቹን ሰው እየቆፈረ ባያበላሻቸው ነው።

---

ግብርና ቃሉ

እኔ ከማሽላ ጋር ነው ሥራዬ። ወሎ ውስጥ ገበሬው «ወተት በጉንጬ» የሚለው ማሽላ አለ፣ «ስንዴ ለምኔ» የሚለው አለ፤ ጣዕማቸው ለየቅል ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ከወሎ ከተሰበሰቡ ዝርያዎች መካከል ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲዳቸው ከሌላው ማሽላ በጣም ከፍ ያለ እንደተገኘ በሳይንስ ጽሑፍ ወጥቷል። ጥያቄዬ አጭር ናት። የእነዚህ ዲኤንኤ በኬሚካል ይለያያል?

---

ዘጦሳ (ደሴ)

አይለያይም። ስኳሩ ያው፣ ፎስፌቱ ያው፣ አራቱ ቤዞች ያው። የሚለየው የቤዞቹ ቅደም ተከተል ብቻ ነው። ገበሬዎቻችን በምላሳቸው ሲመርጡ የኖሩት ይህንን ቅደም ተከተል ነው፤ ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

---

ተማሪ ከወልድያ

መምህር፣ ትምህርት ቤታችን ላብራቶሪው ባዶ ነው። ዲኤንኤን በዓይናችን የምናይበት መንገድ አለ? ሽንኩርት በመፍጨት ይቻላል ሲባል ሰምቻለሁ።

---

ዘጦሳ (ደሴ)

ይቻላል፣ እኔም አሠራለሁ። አንድ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ክተፊና ውሃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምረሽ ቀስ ብለሽ አሺው። ሳሙናው የሴሉን የስብ ሽፋን ያፈርሳል። አሥር ደቂቃ አቆዪውና በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልዪ። የወጣውን ፈሳሽ በብርጭቆ አድርገሽ በረዶ የሆነ አልኮል በብርጭቆው ጎን በኩል ቀስ አድርገሽ አንቆርቁሪበት። በሁለቱ ድንበር ላይ ነጭ ጭረት ይወጣል፤ በእንጨት ስንጥር ይጠቀለላል።

ምክንያቱን አትዝለዪ። ፎስፌቶቹ አሉታዊ ስለሆኑ ዲኤንኤ ውሃ ውስጥ ይሟሟል። የጨው ሶዲየም አዎንታዊ ሆኖ ይከባቸዋል። አልኮል ሲገባ ውሃው ቻርጆችን የማለያየት ኃይሉ ይቀንሳል፤ ሶዲየሙ ከፎስፌቱ ጋር ይጣበቃል፣ ዲኤንኤው መሟሟት አቅቶት ይወጣል። አልኮሉ ከፋርማሲ 95 በመቶ ቢሆን ነው የሚያምረው። ለቁስል የሚሸጠው 70 በመቶ ደካማ ነው፣ አረቄም አይበቃም። አልኮል እሳት ይይዛልና ከምድጃ አርቁት።

---

ላብራቶሪ ነኝ (ኮምቦልቻ)

አንድ ነገር ልጨምር፣ እህቴ። ያ ነጭ ጭረት ሁሉ ዲኤንኤ አይደለም። አርኤንኤም ፎስፌቱ ያው ስለሆነ በአልኮል አብሮ ይወጣል፣ ፕሮቲንም ይቀላቀላል። በእንጨት የሚጠቀለለው ረዥሙ ክር ግን በአብዛኛው ዲኤንኤ ነው፤ አርኤንኤው አጫጭር ስለሆነ እንደ ዱቄት ይበተናል እንጂ አይፈተልም። ወደ ኮምቦልቻ ብቅ ካላችሁና መምህራችሁ ደብዳቤ ካጻፉላችሁ፣ በ260 ናኖሜትር ብርሃን የሚለካ መሣሪያ ላይ አስቀምጠን ምን ያህል እንደወጣ የማሳይበትን መንገድ ከኃላፊዎቼ ጋር እነጋገራለሁ። በዚያ የብርሃን ርዝመት ሁለቱም ይታያሉ። አርኤንኤውን ማስወገድ ከፈለጋችሁ ደግሞ ያን ሁሉ የምንፈራውን አርኤንኤዝ ኤ ጠብታ እንጨምርበታለን፤ ለዚህ ሥራ ተጣርቶ ይሸጣል።

---

ተማሪ ከወልድያ

ነገ ለመምህራችን እነግራቸዋለሁ። ስንት ሆነን መምጣት እንችላለን?

---

ላብራቶሪ ነኝ (ኮምቦልቻ)

ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ስምንት ብትሆኑ ይመቸኛል። ሽንኩርቱን እዚያው ወልድያ አትፍጩት፤ ኢንዛይሞቹ መንገድ ላይ ዲኤንኤውን ይቆራርጡታል። ሳይቆረጥ አምጡት።